«ያ አፈር ምን አለ?»

የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

የተሰጠኝ ርእስ በማዕድን ማውጫዎች አካባቢ በአፈርና በሰብል ላይ የሚደርሰው የከባድ ብረቶች ብክለት ነው። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ አርሰኒክና ሜርኩሪ የመሰሉት እነዚህ መርዘኛ ብረቶች ምን እንደሚያደርጉ ለእናንተ መተንተን ለቀባሪው ማርዳት ስለሚሆንብኝ፣ የመጣሁበትን አንድ ጉዳይ ብቻ ልናገር፤ ከማሳው አፈር የወሰድንበት ገበሬ ውጤቱን የማወቅ መብት አለው።

በጃፓን ቶያማ ግዛት፣ በጂንዙ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሩዝ አምራቾች ከካሚዮካ የዚንክና የእርሳስ ማዕድን የሚወርደው ካድሚየም ያለበት ውኃ ወደ መስኖአቸው ይገባ ነበር። ካድሚየም ሽታም ቀለምም የለውም። ማሳው ውኃ እንደተኛበት ሳለ ከሰልፈር ጋር ተጣብቆ ይቆያል፤ ገበሬው አዝመራው ሊደርስ ሲል ውኃውን ሲያደርቅ ግን አየር ወደ አፈሩ ይገባና ካድሚየሙ ተለቅቆ ወደ ፍሬው ይወጣል። እንግዲህ ደግ ገበሬ የሚያደርገው ነገር ራሱ መርዙን ወደ ገበታ አቀረበው ማለት ነው። ካድሚየም በኩላሊት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል፤ ኩላሊት ሲጎዳም አጥንት ይለሰልሳል። የታመሙት በአብዛኛው ዕድሜያቸው የገፋ፣ ብዙ የወለዱ እናቶች ነበሩ፤ ሲያስላቸው እንኳ አጥንታቸው ይሰበር ነበር። የበሽታው ስም «ኢታይ ኢታይ» የወጣው ከጩኸታቸው ነው፤ «አመመኝ፣ አመመኝ» ማለት ነው። የአካባቢው ሐኪም ኖቦሩ ሃጊኖ ጣታቸውን ወደ ማዕድኑ ሲቀስሩ ያተረፉት ነቀፌታ ነበር። መንግሥት ምክንያቱን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ነዋሪዎቹ በይግባኝ የረቱት በ1972 ነው፤ ከ800 ሄክታር በላይ የሆነውን ማሳ መልሶ የማከም ሥራ የተጠናቀቀው ደግሞ በ2012 ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ከመካከላችሁ አብራችሁኝ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በአንድ የማዕድን ሥፍራ አጠገብ ናሙና ስንሰበስብ አንዲት እናት ከጓሮአቸው ጎመን ነቅለው ሰጡን፤ ቡናም አፈሉልን። በዓመቱ ስመለስ «ልጄ፣ ያ አፈር ምን አለ?» አሉኝ። ውጤቱ ወጥቶ ነበር፤ ሥራውን ያዘዘን መሥሪያ ቤት ግን «ሕዝብ ያሸብራል» ብሎ በመሳቢያ ቆልፎበታል። እኔም «ገና ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ዋሸኋቸው።

ሕዝብን የሚያሸብረው የቱ ነው፤ ወረቀቱ ወይስ ጎመኑ? በ2010 ዓ.ም. በጉጂ፣ በለገ ደንቢ፣ ነዋሪው ጤናችን ተጎዳ ብሎ ተነሥቶ የወርቅ ማዕድኑ ፈቃድ ሲታገድ ያየን ሰዎች፣ ዝምታችን ጸጥታ ያመጣል ብለን ዛሬም የምናስበው በምን ሒሳብ ነው?

መፍትሔውን ባጭሩ ላንሳ። ኮምጣጣ አፈርን በኖራ ማከም ሰብሉ የሚወስደውን ካድሚየም ይቀንሳል፤ በቅጠላ ቅጠል ላይ ያለው እርሳስ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ስለሆነ በደንብ ማጠብ ይረዳል። ጤፋችን በአውድማ ላይ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ የአይረን መጠኑ ከፍ እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን፤ አፈሩ እርሳስ ካለበት ያው መንገድ ለእርሳስም ክፍት ነው። ይህን ሁሉ ማድረግ የሚችለው ግን የተነገረው ገበሬ ነው።

ስለዚህ ባለማሳው ውጤቱን በሚገባው ቋንቋ፣ በጽሑፍ ሳይረከብ ማንኛውም የናሙና ሥራ ተጠናቀቀ እንዳይባል የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ በቃለ ጉባኤው እንዲያዝልኝም እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።