ሳሎን ውስጥ የማይሰማ አልበም

እንደምን አመሻችሁ!

ቀድሜ ልናዘዝ። እኔ የሬቭ፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሌሊቱን ሙሉ የሚጨፈርበት ድግስ፣ ሰው አይደለሁም። ከጎረቤት «ዱብ ዱብ» የሚል ነገር ሲመጣ መስኮት የምዘጋ ሰው ነኝ። የማኅበራችንን ደንብ ግን ታውቁታላችሁ። በየወሩ አንዱ ለሌላው፣ በገዛ ፈቃዱ የማይከፍተውን አልበም ያሸክመዋል። በዚህ ወር ለእኔ የደረሰኝ «ኤክስፒሪየንስ» ነው፤ ፕሮዲጂ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ የመጀመሪያ አልበም። የሰጠኝ ልጅ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ሳቅ! ተራህ ይደርሳል።

አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ያኔ መድረክ ላይ ኪት ፍሊንትና ሊሮይ ቶርንሂል ይጨፍሩ ነበር፣ ማክሲም ደግሞ ማይክ ይይዝ ነበር። ሙዚቃውን የሚቀምመው ግን ሊያም ሃውሌት ነበር፤ እዚሁ ኤሴክስ፣ ብሬንትሪ ያደገ፣ ያኔ የ21 ዓመት ልጅ። ዋና መሣሪያው ሮላንድ ደብሊው 30 የሚባል ኪቦርድ ነበር። ከሌላ ሸክላ ድምፅ ይቀዳል፣ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል።

መጀመሪያ የሰማሁት ሳሎን ውስጥ ነው። ቡናዬን ይዤ፣ እግሬን አነባብሬ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «የልብስ ማጠቢያው ምን ነካው?» አለች። አልፈረድኩባትም። ከበሮው የሰው እጅ እንዲህ አይመታም በሚያሰኝ ፍጥነት ይወርዳል። የዘፋኞቹም ድምፅ አብሮ ቀጥኗል። ድሮ ቴፕ ሲፈጥን ዘፋኙ እንደ ሕፃን የሚንጫጫውን ታስታውሳላችሁ? ልክ እንደዚያ። እኛ ቴፕ ሠሪ ጋ የምንሮጥበትን ብልሽት እነሱ ሆን ብለው ሙዚቃ አደረጉት።

ድመትም አለች። «ቻርሊ» የተባለው ዘፈናቸው በ1991 በእንግሊዝ የሙዚቃ ሰንጠረዥ 3ኛ ደርሷል። ድምፁ የተወሰደው በ1970ዎቹ ሕፃናትን ከአደጋ ለመጠበቅ ከተሠራ የቴሌቪዥን ካርቱን ነው። ድመቷ ታጉረመርማለች፣ ልጁ ያስተረጉማል፦ የትም ከመሄድህ በፊት ለእናትህ ንገር። አስቡት እንግዲህ። ይህን ሰምቶ የሚዘለው ወጣት ማታ የት እንደሄደ እናቱ ጭራሽ አታውቅም! አንድ የዳንስ መጽሔት «ቻርሊ ሬቭን ገደለው?» ብሎ በሽፋኑ ጠይቋል። ከወዳጆቹም የተናደደበት እንዳለ ሳውቅ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ልዘጋው ስል «አውት ኦፍ ስፔስ» መጣ። ጥድፊያው ድንገት ቆመና ሬጌ ገባ። ረጋ ያለ የሰው ድምፅ፣ ሰይጣንን ከምድር አባርሮ ወደ ጠፈር ሊሰድ የሚዝት። ቡናዬን አስቀመጥኩ። የጃማይካው ዘፋኝ ማክስ ሮሚዮ ነው! እኔ ሻሸመኔ ነው ያደግኩት። ከጃማይካ ሰፈር አጥር ወዲያ የሚመጣ ሬጌ ከነባሱ ነው የማውቀው። የ1976 ሸክላ ነው፤ ዘፋኙም ራስተፈሪያን። ከዚያ ከኪንግስተን ተነስቶ ብሬንትሪ፣ ከብሬንትሪ እኔ ሳሎን። ከዚያ ደግሞ ከበሮው ተመልሶ ጨፈለቀው። ቢተወው ምን ነበረበት?

ለሁለተኛ ጊዜ የሰማሁት መኪና ውስጥ ነው። ሥራዬን ታውቃላችሁ፤ ሌሊት ኤም 25 ላይ እነዳለሁ። ለንደንን የሚዞረው ይህ 188 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ አልበሙ ከመውጣቱ ሦስት አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የሬቭ ልጆች መንገድ ነበር። ያኔ ክለቦቹ በሕግ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ይዘጉ ነበር። ጭፈራው ያልበቃው መኪናውን አስነስቶ ወደ ስልክ ይሮጣል፤ የተቀዳ ድምፅ ቦታውን ይነግረዋል፤ የትኛው መጋዘን፣ የትኛው ሜዳ። በ1992 ካስልሞርተን በተባለ ግጦሽ ሜዳ ላይ ከሃያ ሺህ በላይ ሰው ለቀናት ሰፈረ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ሕግ ሙዚቃውን «ተደጋጋሚ ምት» እያለ ጽፎ፣ ያለፈቃድ ሜዳ ላይ የሚደረገውን የሌሊት ጭፈራ ፖሊስ እንዲበትን ሥልጣን ሰጠ። የፓርላማ ሰዎች ቁጭ ብለው ምት ሲተረጉሙ ይታያችሁ።

ይህን ሳስብ ታላቅ ወንድሜ ትዝ አለኝ። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ሰዓት እላፊ ነበር። ምሽት ክለብ የገባ ሰው በሩ ከተዘጋበት እስኪነጋ መውጫ የለውም። ባንዱም ይጫወታል፣ ሰውም ይጨፍራል፣ ሌላ ምን ይደረጋል? ወንድሜ ጠዋት ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር የሚገባው። የእንግሊዞቹን ሕግ አስወጣቸው፣ የእኛን ሕግ ቆለፈባቸው፤ ሁለቱም ሲጨፍሩ ነጋባቸው። «ይህ ዘፈን ለምን አያልቅም?» ብዬ ሳሎን ውስጥ የተነጫነጭኩት ያኔ ገባኝ። ሌሊቱ ስላላለቀ ነዋ!

ወደድኩት አልልም። «ዌዘር ኤክስፒሪየንስ» የሚባለውን ግን ሁለቴ ደግሜዋለሁ። ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ለእኔ ዕድሜ ይሆናል። የቀረውን አንድ ዘፈን ሳይቀር ጨርሼ ሰምቻለሁ፣ ባለቤቴ ምስክሬ ናት።

አሁን «አውት ኦፍ ስፔስ»ን እናስከፍታለን። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው ግፉልኝ፤ ተቀምጠን እንስማው ብትሉ አይሆንም። አንተ አልበሙን የሰጠኸኝ ደግሞ ስታበቃ ወደ እኔ ና። የመረጥኩልህ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ በገና።