«የት ደረሰ?»

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ከድሬ ሆኜ የማወራው ስለ አንዲት ጥያቄ ነው፤ «የት ደረሰ?»። ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ የሚያስጨርስ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ስልኩ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጮኸው ለሷ ነው። ባለዕቃው ይጠይቃል፣ ሥራ አስኪያጁ ይጠይቃል፣ ድንበሩ ላይ ደወሌ ያለው ልጅ ደግሞ መልሶ ቢሮውን ይጠይቃል። የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ሲመረጥ ብዙ ሰው ቀለሙንና ቻርቱን ያያል። እኔ የማየው ይህችን ጥያቄ ያለ ስልክ ይመልሳል ወይ የሚለውን ብቻ ነው።

ሶፍትዌር ከማውረዳችሁ በፊት ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ሥራው የሚያልፍበትን ደረጃ ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉ፤ ሰነድ ገባ፣ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ ቅጽ) ተሞላ፣ ቀረጥ ተከፈለ፣ ፍተሻ፣ ተጫነ፣ ደንበኛው ተረከበ። ስድስት ዓምድ ይበቃል። እያንዳንዱ ፋይል አንድ ካርድ ሆኖ ከዓምድ ወደ ዓምድ ይሄዳል። ካንባን የሚባለው ይህ ነው፤ ከቶዮታ ፋብሪካ የመጣ አሠራር። ሰው ካርዱን ይወስድና ዋናውን ነገር ይተዋል፤ ገደቡን። ዲክላራሲዮን የሚሞላው አንድ ሰው ከሆነ እሱ ዓምድ ላይ 4 ካርድ ይብቃ። አምስተኛው ሲመጣ አዲስ ፋይል መክፈት ይቁምና እሱን አግዙት።

«በሂደት ላይ» የሚል ዓምድ ግን አደራ እንዳትከፍቱ። ይህን መልስ በየመስኮቱ ስንቴ ሰምታችኋል? በምትኩ «እየጠበቀ ነው» በሉና ሦስት ነገር አስገድዱ፤ ምን ይጠብቃል፣ ከማን፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ። የኮንቴይነር ኪራይ በቀን ስለሚቆጠር ቀኑ ራሱ ገንዘብ ነው። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ኃላፊም አንድ ሰው ይሁን። ሁለት ስም ካለ አንዱ ሌላው ጉምሩክ ሄዷል ብሎ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ የሚበላሸው። ታዋቂዎቹ መከታተያዎች ቀኑን በፈረንጅ ይይዛሉ፣ እኛ በሐበሻ እናወራለን። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነ ዓመት ማግስት ግን 12 ይሆናል፣ በ2016 እንደሆነው። በቃል የሚቀይር ሰው እስከ የካቲት ድረስ በአንድ ቀን ይዛነፋል። ሰዓቱ ይብሳል። «ጠዋት 3 ሰዓት» የተባለውን አንዱ 3:00 ኤኤም ብሎ ያስገባዋል፤ ማስታወሻው ሌሊት 9 ሰዓት ይጮሃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በቀን ሳጥኑ ውስጥ የፈረንጁን፣ በካርዱ ርዕስ ላይ «ኅዳር 12 ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ የኛን። የሰዓት ቀጠናውም አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ መሆኑን አረጋግጡ፤ ግሪንዊች ላይ ከቀረ ሁሉም ነገር 3 ሰዓት ይዛነፋል።

ሌላው የፍለጋ ነገር ነው። አንዱ ጸሐፊ «ዓለም»፣ ሌላው «አለም» ይጽፋል፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ደንበኞች ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰና ሠን፣ ጸና ፀንም ጨምሩበት። ስለዚህ ርዕሱ በኮንቴይነር ቁጥር ይጀምር፤ አራት የላቲን ፊደልና ሰባት አኃዝ። የመጨረሻዋ አኃዝ ከፊቷ ካሉት በስሌት የምትወጣ ማረጋገጫ ስለሆነች የተሳሳተ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ይጋለጣል።

የቱን እንምረጥ? የጉግል ሠንጠረዥ ለሦስት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ዓምድ ብቻ መርጦ በፊደል ተራ ሲደረድር ግን የአንዱ ደንበኛ ቀረጥ ከሌላው ስም ጎን ይቆማል። ጂራ ለሶፍትዌር ሠሪዎች የተሠራ ነው፤ ለትራንዚት ቢሮ ይከብዳል። ትሬሎ፣ ያን የግድግዳ ካርድ በስልክና በኮምፒውተር የሚያመጣው፣ በነፃው ደረጃ 10 ሰው ይይዛል፤ ኔትወርክ ሲጠፋም ስልኩ ላይ ይሠራና ሲመለስ ያመሳስላል። ደወሌ መንገድ ላይ ላለ ሰው ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ካንቦርድ በራስ ሰርቨር ላይ የሚጫን ነው፤ ነፃ ነው፣ የዓምድ ገደብም አብሮት አለ፤ ግን ሰርቨሩን የሚጠብቅ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ሰው ይፈልጋል። ቢሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ ተዉት አቦ።

ሙከራው ሁለት ሳምንት ይሁን፣ በ15 እውነተኛ ፋይል። የሚሞክረው ደግሞ ኮምፒውተር የሚወደው ልጅ አይሁን፤ ርካሽ ስልክ ይዞ ፀሐይ ላይ የሚቆመው ይሁን። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት «የት ደረሰ?» የሚሉ ስልኮችን በእስክሪብቶ ቁጠሩ፣ በሙከራውም እንደዚያው። ካልቀነሰ ካርዶቹን ሳይሆን ሥራ አስኪያጁን እዩ። ካርዱን ሳይከፍት የሚደውለው እሱ ከሆነ ሌላውም ይከተለዋል። ቴሌግራም ላይ የተሰጠ ሥራም ካርድ እስኪከፈትለት ድረስ እንዳልተሰጠ ይቆጠር፤ ያዘዘው ሰው ራሱ ይክፈተው።

ከመወሰናችሁ በፊት ያስገባችሁትን ሁሉ አንድ ጊዜ ወደ ውጭ አውጡት። ትሬሎ በነፃው ደረጃ ጄሰን (ለፕሮግራም የሚመች የፋይል ዓይነት) ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፤ ሲኤስቪ (በኤክሴል የሚከፈት ሠንጠረዥ) ከፕሪሚየም ደረጃ ጀምሮ ለሚከፍል ነው። ሲኤስቪውን በኤክሴል በቀጥታ ስትከፍቱ አማርኛው የማይነበብ የላቲን ዝባዝንኬ ሆኖ ከመጣ አትደንግጡ፣ ፋይሉ አልተበላሸም። «ዳታ» በሚለው በኩል አስገቡት፣ ኢንኮዲንጉን (ፊደሉ የሚነበብበትን ኮድ) ዩቲኤፍ 8 በሉት፤ ፊደሉ ይመለሳል።