ራዲያተሩን ውሃ ብቻ አታጠጡት

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ አድማጮቼ። አንዲት ጎረቤቴ ከዕቁብ የደረሳትንና ለዓመታት የቆጠበችውን ገንዘብ አንድ ላይ አድርጋ ያገለገለች ቪትዝ ገዛች። መኪናዋ ግቢ በገባች ማግስት ጠራችኝና ‹‹ወንድሜ፣ ራዲያተሯ ይታጠብ ብለውኛል፤ ጋራዥ ልውሰዳት ወይስ እዚሁ ይሠራል?›› አለችኝ። ጥያቄው በጣም ደስ አሰኘኝ። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሮጠው የወንበር ልብስ ለማሰፋት ወይም ቀለም ለማስነካት ነው። ኮፋኖውን ከፍቶ ‹‹እዚህ ውስጥ ምን ሲጨመር ኖሯል?›› ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ሞተሩ ሌሊቱን ስላደረ ቀዝቃዛ ነበር። የራዲያተሩን (የሞተሩን ማቀዝቀዣ) ክዳን ከፈትኩትና ጣቴን አፉ ውስጥ አስገብቼ ጠርዙን ዳሰስኩት። ጣቴ ላይ የወጣው ቀይ አፈር የመሰለ ዝገት ነው። ፈሳሹ ደግሞ የሻይ ቅጠል የተዘፈዘፈበት ይመስላል። ሻጩ ‹‹ምንም እንከን የላትም›› ብሎ ነበር፤ ይህች መኪና ግን ለረጅም ጊዜ የቧንቧ ውሃ ስትጠጣ እንደኖረች ዝገቱ ራሱ ይናገራል።

አገራችን ውስጥ በጣም የሚያሳስበኝ ልማድ ይህ ነው። ራዲያተር ሲጎድል ከሃይላንድ ውሃ ይገለበጥበታል፤ በማግስቱም እንደዚያው። ‹‹ኩላንት ለበረዶ አገር ነው፣ እኛ ምን ያደርግልናል?›› የሚሉ፣ ሥራቸውን የሚያውቁ መካኒኮች ሳይቀሩ አሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ኩላንት ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ራዲያተር ውስጥ የሚገባ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው፤ ውሃው በብርድ እንዳይረጋ ብቻ ሳይሆን ቶሎ እንዳይፈላም ያደርጋል፤ ውስጡ ያሉት ኬሚካሎች ደግሞ አሉሚኒየሙንና ብረቱን ከዝገት ይጠብቃሉ። የቧንቧ ውሃ ግን ማዕድኑን እየተወ ይሄዳል። የሻይ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ራዲያተሩ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን መተላለፊያዎችም ይጋገራል።

ከፍታችንን ደግሞ አስቡት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የሞተር የሥራ ሙቀት ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። ታዲያ መኪኖቻችን በየቀኑ የማይፈሉት ለምንድን ነው? ያቺ ትንሽ ክዳን ይዛልን ነው። ላይዋ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፤ የምትይዘው ግፊት መጠን ነው። ግፊቱ እስካለ ድረስ ውሃው እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኗ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን ግፊቱ ያመልጣል፤ ባዶ ውሃ የያዘ መኪና ያን ጊዜ አንድ ዳገት ይበቃዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዳችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ በየመታጠፊያው ኮፋኖ ከፍተው የቆሙ መኪኖችን አይታችሁ ይሆናል። ዳገቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ራዲያተር ስታሳጥቡ ክዳኑንም ቀይሩ፤ ከጠቅላላው ሥራ ርካሹ ዕቃ እሱ ነው።

ቴርሞስታትን አውጥቶ የመጣል ነገርም አለ። መኪና ሞቀ ሲባል ‹‹አውጣው፣ ይገላገላል›› ይባላል። ይህ ያናድደኛል። ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅና ሙቀቱ እንዳይዋዥቅ የሚጠብቅ በር ነው። ሲወጣ ሞተሩ በብርዱ ጠዋት ለረጅም ጊዜ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ እንዲያውም ፈሳሹ ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ስለሚመለስ ሙቀቱ ይብሳል። የተበላሸ ቴርሞስታት በአዲስ ይተካል እንጂ ባዶ ቦታ አይተውለትም።

ወደ ጎረቤቴ ጥያቄ ልመለስ። የኔ መልስ ይህ ነው፦ ፈሳሹ ያረጀ ወይም የዛገ ብቻ ከሆነ እቤት ይሠራል። ዘይት ከተቀላቀለበት፣ ጭቃ ከሆነ፣ ወይም የዘይት ክዳኑ ሥር ነጭ አረፋ ከታየ ግን ወደ ባለሙያ። ያ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ የላይኛው ክፍል (ቴስታታ) እና በታችኛው መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ችግር ሊሆን ስለሚችል ማጠብ አይፈውሰውም።

የእሷን እዚያው ግቢ ውስጥ ሠራነው። ከራዲያተሩ ግርጌ ያለውን ማፍሰሻ በእጅ ፈትተን ፈሳሹን ሳፋ ውስጥ ተቀበልን፤ ያረጀ ፕላስቲክ ስለሆነ በፒንሳ መታገል አያስፈልግም፣ ይሰበራል። ከዚያ ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ሞላን፣ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈትን፣ ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) እስኪነሳ ሞተሩን አስነስተን አቆየን። ከዚያ መጠበቅ ነው። የሞቀ ራዲያተር ክዳን ሲከፈት የሚፈናጠረው የፈላ ፈሳሽ ፊትንና ክንድን ይልጣል፤ እጃችሁ ላዩ ላይ ያለችግር እስኪያርፍ አትንኩት። የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ይህንኑ ደጋገምን።

ጋራዥ ከወሰዳችሁት ደግሞ ቆማችሁ እዩ። የልብስ ሳሙና ወይም የዝገት አሲድ ሲጨምሩ ካያችሁ አስቁሙ፤ የዛሬ ራዲያተሮች አሉሚኒየም ናቸው፣ ይበላቸዋል። በኃይለኛ ግፊት የሚያጥቡ ከሆነም ያረጁት ቱቦዎች መቻላቸውን ጠይቁ።

ኩላንት ስትገዙ በቀለም አትመሩ። ቀይም አረንጓዴም የፋብሪካ ምርጫ ነው፤ ዓይነቱን የሚነግራችሁ የመኪናው መመሪያ ነው። የተለያዩትን መቀላቀል ዝቃጭ ሊፈጥር ይችላል። ያልተበረዘ ከሆነ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ነው፤ ሞተሩ ውስጥ የቀረ ውሃ እንዳለ አትርሱና መጀመሪያ ኩላንቱን አስገቡ። ትንንሽ መኪኖች ባጠቃላይ ከ4 እስከ 6 ሊትር ይይዛሉ።

አሮጌው ፈሳሽ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ብዙ ኩላንት የሚሠራበት ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ልጅም ውሻም ይልሰዋል፣ ኩላሊት ይገድላል። ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በውሃ ፕላስቲክ አታስቀምጡት። ክዳኑ በሚጠብቅ ጀሪካን አድርጋችሁ፣ ‹‹መርዝ›› ብላችሁ ጽፋችሁበት፣ የሚቀበል ጋራዥ እስክታገኙ ከልጆች አርቁት።

ይህን ሁሉ የማወራው እነዚህ መኪኖች ተተኪ ስለሌላቸው ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለችን ቪትዝና ኮሮላ ያቺው ናት። ብዙዎቹ ቪትዞች ደግሞ የሙቀት መርፌ የላቸውም፤ ቀዩ መብራት ሲበራ ቴስታታው መጣመም ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካጠባችሁ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የኩላንቱ ማጠራቀሚያ ላይ ያለውን የልክ መስመር እዩ። የታመቀው አየር ሲወጣ ትንሽ መጉደሉ ያለ ነው፤ ያንኑ ዓይነት ኩላንት ጨምሩ። ሳምንቱ አልፎም መጉደሉን ካላቆመ የሚያፈስበት ቦታ አለና ወደ ባለሙያ ውሰዷት።