ሰባት ቀሚስ ለብሳ ባቡር የምትሳፈረው አክስቴ (እና የባቡራችን ነገር)

ሄለን፦ ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ባቡር ነው የምናወራው። የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ምን ገደለው፣ አዲሱስ ምን ይቀረዋል። እኔ ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት፣ ወረቀት ይዣለሁ። ቢኒ ባዶ እጁን ነው።

ቢኒያም፦ ድሬ ነው ያደግኩት። ወረቀት ምን ያደርግልኛል?

ሄለን፦ ይኸው፣ ጀመረ።

ቢኒያም፦ አቦ ተይኝ! ያንቺን ወረቀት አንብቢው እስቲ፣ እሰማለሁ።

ሄለን፦ እሺ። አጼ ምኒልክ ለስዊዙ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነው። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ተጀመረ። በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ...

ቢኒያም፦ ቁሚ ቁሚ። ድሬዳዋ «ደረሰ» አይባልም። ከተማ የት ነበርና? ባቡሩ ሐረር ነበር ሊሄድ ያሰበው፣ ተራራው አላስወጣ አለው፣ እታች ቀረ። የቀረበት ቦታ ከተማ ሆነ። እኛ ባቡር የወለደን ልጆች ነን።

ሄለን፦ እሺ፣ ወለዳችሁ። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተካ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ ማለት ነው። የለገሃር ጣቢያ ሕንጻ ደግሞ በ1922 ተመረቀ። ለገሃር ራሱ «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ጣቢያ ማለት ነው። ስለዚህ «ለገሃር ባቡር ጣቢያ» ስንል ጣቢያ ባቡር ጣቢያ እያልን ነው።

ቢኒያም፦ ይሄን ሁሉም ሰው ያውቃል።

ሄለን፦ የማያውቅ አለ እኮ! ቀጥል እንግዲህ አንተ።

ቢኒያም፦ እኔ አክስቴን ነው የምነግርሽ።

ሄለን፦ ከባቡር ጋር ይገናኛል?

ቢኒያም፦ ባቡሩ ራሱ እሷ ናት። ስሚኝ። 88 ይሁን 89 ዓ.ም፣ እኔ ትንሽ ልጅ ነኝ። አክስቴ ነጋዴ ናት፣ ከድሬ አዲስ አበባ ትመላለሳለች። ክረምት ሲሆን እኔንም ይዛኝ ትሄዳለች። እና ልጅ ሆኜ አንድ የማይገባኝ ነገር ነበር፦ አክስቴ ድሬ ስትሳፈር ወፍራም ናት፣ አዲስ አበባ ስትደርስ ቀጭን ናት።

ሄለን፦ (ሳቅ) እንዴት?

ቢኒያም፦ ቀሚስ ነዋ! ሰባት ቀሚስ ደራርባ ለብሳ ነው የምትሳፈረው። አዲስ፣ ከጅቡቲ የገባ፣ ያልተቀረጠ። እቃ ከያዘች ይወረሳል፤ የለበሰችውን ግን ማን ያወልቃታል? አንድ እሷ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ ያሉት እናቶች በሙሉ ወፍራም ናቸው። አስቢው፣ መተሃራና አዋሽ ጋ ያለውን ሙቀት ታውቂዋለሽ። የእንጨት ወንበር። መስኮቱ ተከፍቶ የሚገባው ንፋስ ከምድጃ የሚወጣ ነው የሚመስለው። እና ሰባት ቀሚስ። ላቧ ከአገጯ ጠብ ጠብ ሲል አሁንም ይታየኛል። በሻሽዋ ጫፍ ትጠርገዋለች፣ ግን ቀና ብላ ነው የምትቀመጠው፣ እንደ እመቤት።

ሄለን፦ እና አልተያዘችም?

ቢኒያም፦ በኔ ምክንያት ልትያዝ ነበር! አንዱ ፈታሽ መጣ። ወጣት ነው፣ ቦርሳ ይከፍታል፣ ወንበር ስር ያያል። እኛ ጋ ሲደርስ አክስቴን አየት አደረጋት፣ ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ማሙሽ፣ ማን ናት?» አለኝ። «አክስቴ ናት» አልኩት። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት። «ግን አዲስ አበባ ስትደርስ ትከሳለች» ብዬ ጨመርኩበት።

ሄለን፦ (ረጅም ሳቅ) ቢኒ! ሙት በለኝ!

ቢኒያም፦ ወላሂ! ፉርጎው ጸጥ አለ። አንዲት ሴትዮ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሰውዬው ከንፈሩን ነክሶ አክስቴን አያት፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና እሷን አያት። ከዚያ «እማማ፣ ሞቆዎታል፣ ውሃ ይጠጡ» ብሎ አለፈ። አክስቴ እስከ ሞጆ አላናገረችኝም። ሞጆ ላይ ብርቱካን ገዝታ ሰጠችኝ፣ ግን አሁንም አላናገረችኝም።

ሄለን፦ ርዕሳችን የባቡር ውድቀት ነበር።

ቢኒያም፦ እየመጣሁ ነው እኮ። ያ ባቡር ገበያ ነበር ልልሽ ነው። ኤረር ሌላ ነገር ይሸጣል፣ ሚኤሶ ሌላ፣ አዋሽ ሌላ። ባቡሩ ሲቆም መስኮት ስር ከተማ ይበቅላል፤ ወተት በእንስራ፣ ሎሚ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሽርጥ። ባቡሩ ሲሄድ ከተማው ይጠፋል። እና የአዋሽን ድልድይ ስንሻገር ወሬው ይቆማል። ሁልጊዜ። ክርስቲያኑ ያማትባል፣ እስላሙ ዱዓ ያደርጋል።

ሄለን፦ የ77ቱ አደጋ።

ቢኒያም፦ አዎ። ጥር 1977፣ እዚያው አዋሽ አካባቢ፣ ባቡሩ ድልድይ ላይ ከሃዲዱ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው ነው ያለቀው። ድሬ ውስጥ ለቅሶ ያልገባበት ሰፈር አልነበረም ይላሉ ትልልቆቹ። አክስቴ ስለ ቀሚሶቹ ስትቀልድ ውላ ታድራለች፤ ስለዚያ ግን አንድ ቀን ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።

ሄለን፦ ...እሺ። እንግዲህ ወደ ወረቀቴ ልመለስ። ለምን ወደቀ? መጀመሪያ ነገር መስመሩ ጠባብ ነው፣ አንድ ሜትር ስፋት፣ አሮጌ ሃዲድ። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ መውጣት አለበት። ስለዚህ ቀርፋፋ ነው፣ ብዙ አይጭንም። ከዚያ የሶማሊያ ጦርነት መጣ፣ በ69 እና 70፣ ድልድይና መስመር ተመታ። ከዚያ ደግሞ ንብረትነቱ የሁለት መንግሥት ሆነ፣ የኛና የጅቡቲ።

ቢኒያም፦ የሁለት ሰው በሬ።

ሄለን፦ በትክክል፣ ማን ያብላው? መለዋወጫ የለም፣ አንዱን ሎኮሞቲቭ ፈትቶ ለሌላው ማስገጠም ሆነ። በጣም የሚያናድደኝ ግን የሚቀጥለው ነው። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ አሰብ ተዘጋ። የአገሪቱ ጭነት በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ። ያ ሁሉ ጭነት! ባቡሩ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረው ቀን መጣ፣ ሲመጣ ደግሞ እሱ አልጋ ላይ ነው። ሁሉንም ተሳቢ መኪና ወሰደው። የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ሰጥቶ ጥገና ተጀምሮ ነበር፣ እሱም ዳር አልደረሰም። በ2000 ዓ.ም አካባቢ የአዲስ አበባ–ድሬዳዋ ጉዞ ቆመ፣ በቃ።

ቢኒያም፦ አክስቴም ቀጠነች።

ሄለን፦ (ሳቅ) አንተ ልጅ! አዲሱ ጋ እንግባ። መስከረም 2009 ተመረቀ፣ በ2010 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የኤሌክትሪክ፣ ሰፊው ዓለም አቀፍ ሃዲድ፣ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲም። ቻይናዎች ናቸው የሠሩት፣ ትልቁ ገንዘብም ከቻይና ኤግዚም ባንክ የመጣ ብድር ነው። መኪና ሁለት ሦስት ቀን የሚፈጅበትን በግማሽ ቀን አካባቢ ይሄደዋል። ይሄ ዕድገት ካልሆነ ምንድነው?

ቢኒያም፦ ነው። ማን አይደለም አለ? ግን የት ነው የምትሳፈሪው? የድሮው ድሬ መሀል ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር ነው የሚያወርድሽ፣ ወርደሽ በእግርሽ ቤት ትገቢያለሽ። የአዲሱ ድሬ ጣቢያ ከከተማው ውጪ ነው። የአዲስ አበባውም ያው ነው፣ ፉሪ፣ ለቡ አልፈሽ። ጣቢያው ያምራል፣ ትልቅ ነው፣ ግን ማንም በእግሩ አይደርስበትም። ባቡሩ በየመንደሩ አይቆም፣ በየቀኑ አይሄድ። ወተት የምትሸጠው ሴትዮ የት ትቁም?

ሄለን፦ ቢኒ፣ በየመንደሩ የሚቆም ባቡር ነው እኮ የሞተው! ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የገቢና ወጪ ንግዳችን በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ ኮንቴነሩ። ባቡሩ መጀመሪያ ጭነት ያመላልስ፣ ዕዳውን ይክፈል። ናፍቆት ብድር አይከፍልም።

ቢኒያም፦ ጭነቱንስ በደንብ እያመላለሰ ነው?

ሄለን፦ ...እየሞከረ ነው።

ቢኒያም፦ (ሳቅ) «እየሞከረ»!

ሄለን፦ አጎቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ በጋላፊ ድንበር ነው የሚመላለሰው። ባቡሩ ሊያስርብህ ነው ስለው ይስቃል። «ባቡር ደጃፍ አይደርስም» ነው የሚለኝ። ኮንቴነሩን ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይ እንዶዴ ጣቢያ ያደርሰዋል፣ ከዚያ ወደ መጋዘን የሚወስደው ያው መኪና ነው። እንደገና መጫን፣ እንደገና ማውረድ። ነጋዴው ታዲያ «አንዴ ከወደብ በመኪና ላምጣውና ልገላገል» ይላል።

ቢኒያም፦ በይ እንግዲህ፣ አጎትሽ ከኔ ጋር ነው።

ሄለን፦ ከማንም ጋር አይደለም፣ ከመኪናው ጋር ነው! እኔ የምለው መስመሩ ወደ ፋብሪካውና ወደ መጋዘኑ ይግባ ነው። ቅርንጫፍ ያስፈልገዋል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ሐራ ገበያ የሚሄደው መስመር ተጀምሮ ቆሞ ቀርቷል። ያ ቢያልቅ ሰሜኑ ይገናኝ ነበር።

ቢኒያም፦ ቅርንጫፉም ይምጣ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያሳስበኝ። ድሬ ያለውን የድሮውን የባቡር ጋራዥ አይተሽዋል?

ሄለን፦ በፎቶ።

ቢኒያም፦ ሂጂና እዪው። ሎኮሞቲቮቹ እዚያው ቆመዋል፣ ማሽኖቹም አሉ። ጎረቤታችን አባባ እዚያ ነበር የሚሠሩት። መለዋወጫ ከፈረንሳይ እስኪመጣ አይጠብቁም፣ አቅልጠው፣ ቀጥቅጠው፣ ሞርደው ራሳቸው ያወጡታል። እቤታችን ያለው የከሰል ምድጃ ራሱ እዚያ ጋራዥ የተሠራ ነው። እማዬ ዛሬም ቡና ታፈላበታለች። እንዲህ የሚከብድ ምድጃ አይተሽ አታውቂም፣ ሁለት ሰው ነው የሚያነሳው።

ሄለን፦ የመንግሥት ብረት ነው እንግዲህ።

ቢኒያም፦ ትርፍራፊ ነው! አቦ ወንጀለኛ አታድርጊን፣ አክስቴ ትበቃለች። እና ልልሽ የፈለግኩት፣ ያ እጅ የት ሄደ? ሰዎቹ ጡረታ ወጡ፣ ልጆቹ ባጃጅ ይነዳሉ። አዲሱ ባቡር ሲመጣ ማንም «ኑ አስተምሩን» አላላቸውም። እሺ ያኛው ናፍጣ ነው ይሄኛው ኤሌክትሪክ፣ ይገባኛል። ግን ብረት ብረት ነው። አሁን ቻይናዎቹ ስድስት ዓመት አስተዳድረው በ2016 ለኛ አስረክበዋል። ከእንግዲህ ሲበላሽ ማን ነው የሚፈታው? መለዋወጫው በዶላር ነው፣ ዶላር ደግሞ የለም።

ሄለን፦ እዚህ ላይ አልከራከርህም። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ይኸው ምስክር ነው። መስከረም 2008 ሲጀምር 41 ባቡር ነበረው። ዛሬ ስንቱ እንደቆመ ሃዲዱ ስር የሚሰለፈውን ሕዝብ ጠይቅ። መለዋወጫ ነው ጉዳዩ።

ቢኒያም፦ አየሽ!

ሄለን፦ ግን እጅ ብቻ አይደለም። መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ባቡር ይቆማል። የመዳብ ሽቦና የሃዲድ ብሎን የሚሰርቅ አለ። ከብትና ግመል ሃዲድ ላይ ይገባል፣ ባቡሩ ይገጨዋል፣ ካሳ ይጠየቃል፣ ጭቅጭቅ ይነሳል። ይህን ጋራዥ አይፈታውም።

ቢኒያም፦ ይሄንንም የድሮው ነው የሚፈታልሽ። የአርብቶ አደሩ ሰው የድሮውን ባቡር ለምን አልጠላውም? ስለሚቆምለት ነዋ! ወተቱን ይሸጥበታል፣ ዘመዱን ይጠይቅበታል። የማይቆምልሽ ባቡር ግመልሽን ከገደለ ምንሽ ነው? ዝም ብሎ በግቢሽ የሚያልፍ ብረት ነው።

ሄለን፦ ...ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን አሁንም በየመንደሩ መቆም አይችልም።

ቢኒያም፦ በሳምንት ሁለቴ አንድ ቀርፋፋ ባቡር። አንድ! ሦስተኛ ማዕረግ፣ ርካሽ።

ሄለን፦ ከሰበታ እስከ አዳማ ነው ድርብ መስመር ያለው፣ ከዚያ በኋላ ነጠላ ነው። ቀርፋፋው ባቡር ሲቆም ጭነቱ ከኋላው ይቆማል።

ቢኒያም፦ መተላለፊያ ጣቢያ አለ አይደል? በሱ ይተላለፉ።

ሄለን፦ እሺ፣ በሳምንት አንዴ እሰጥሃለሁ።

ቢኒያም፦ ሁለቴ።

ሄለን፦ አንዴ አልኩህ። ይልቅ አክስትህ አዲሱን ተሳፍራበት ታውቃለች?

ቢኒያም፦ አዎ፣ አንዴ ይዣት ሄጃለሁ። አርጅታለች፣ ንግዱን ከተወች ቆየች። መስኮቱ አይከፈትም፣ ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ፉጨት የለ፣ ግፊያ የለ። ሚኤሶን ስናልፍ በመስታወቱ ውጪውን እያየች «እዚህ ጋ ነበር ፍተሻው» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ነጠላዋን ተጠቀለለች። «ምነው?» ስላት፣ ኤሲው በርዷታል።

ሄለን፦ (ሳቅ) አይ!

ቢኒያም፦ «ሰባቱን ለብሼ መምጣት የነበረብኝ ዛሬ ነው» አለችኝ።