ሁለት ፓወር ሰፕላይ፣ አንድ ሶኬት

ሀ፦ ከባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምንወያየው ብዙ ሃርድ ዲስኮች ተደርድረው ስለሚሠሩበት የብረት ሳጥን፣ በተለይም ከጀርባው ስለሚሰኩትና ኤሌክትሪክ ስለሚመግቡት ሁለት ፓወር ሰፕላዮች ነው። እህቴ፣ ሁለት የሆኑት አንዱ አቅም ስለሚያንሰው ነውን?

ለ፦ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በአግባቡ በተሠራ ሳጥን ውስጥ እያንዳንዱ ሙሉውን ጭነት ብቻውን መሸከም ይችላል። በደኅናው ጊዜ ጭነቱን ይካፈላሉ፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ሁሉንም ይረከባል፣ የተበላሸውም ሥራው ሳይቋረጥ ተነቅሎ ይተካል። የአንዱ ብልሽት ሌላውን ይዞት እንዳይወድቅ ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል መዝጊያ በየመውጫቸው ላይ አለ።

ሀ፦ ውስጣቸውስ ምን ይሠራል?

ለ፦ ከግድግዳው የሚመጣው በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ 220 ቮልት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ይህንን ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ በአብዛኞቹ ዘመናዊ ሥሪቶች ደግሞ ወደ 400 ቮልት ገደማ ከፍ አድርጎ በካፓሲተር ያጠራቅመዋል። ከዚያም ትራንዚስተሮች በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ፣ አንዳንዴም ከመቶ ሺህ በላይ፣ እየከፈቱና እየዘጉ በትራንስፎርመር ያሳልፉታል። ትራንስፎርመሩ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ዕቃ ሊሆን የቻለው በዚህ ፍጥነት ምክንያት ነው፤ ግድግዳው በሚሰጠው 50 ዙር ብቻ ቢሠራ ኖሮ ለዚያው ኃይል በጣም ከባድ ብረት ባስፈለገው ነበር። በመጨረሻ ዲስኩ ሞተሩን የሚያዞርበት 12 ቮልትና ኤሌክትሮኒክሱ የሚሠራበት 5 ቮልት ይገኛል።

ሀ፦ ሳጥኑ ሲበራ ዲስኮቹ በየተራ የሚነሡትስ ለምንድን ነው?

ለ፦ አንድ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ከቆመበት ሲነሣ ከ12 ቮልቱ እስከ 2 አምፔር ገደማ ሊስብ ይችላል፤ ይህም 24 ዋት ነው። 12 ዲስኮች በአንድ ጊዜ ቢነሡ 288 ዋት ይሆናል፤ መዞር ከጀመሩ በኋላ ግን ለእያንዳንዱ 10 ዋት የማይሞላ ይበቃዋል። ስለዚህ በየተራ ይነሣሉ።

ሀ፦ መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስስ?

ለ፦ ካፓሲተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ያቆየዋል። ጄኔሬተር ግን ለመነሣት ሴኮንዶች ያስፈልጉታል፤ ይህንን ክፍተት የሚሸፍነው ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ፣ ብቻ ነው። ከጣና የሚወጣው ውኃ በጢስ ዓባይና በበለስ ተርባይኖችን ቢያዞርም፣ የማመንጫው ቅርበት የሰፈራችንን መስመር ከመቋረጥ አያድነውም።

ሀ፦ ባለፈው ያየሽውን ንገሪያቸው።

ለ፦ በዚሁ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ሁለቱም ገመዶች በአንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተው አገኘሁ። ዲቫይደሩ ሲቃጠል ሁለቱም ጤነኛ ፓወር ሰፕላዮች በአንድ ቅጽበት ጠፉ፤ በመጻፍ ላይ የነበረው መረጃም ተበላሸ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ገንዘቡ ወጥቶበት ነበር፣ የጎደለው የገመዱ አሰካክ ብቻ ነበር። አንዱ ገመድ ወደ አንድ ዩፒኤስ፣ ሌላው በተለየ ብሬከር ወደሚመገብ ሌላ ዩፒኤስ መሄድ አለበት።

ሀ፦ አንዱ ተበላሽቶ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነቅለን እናስቀምጠው?

ለ፦ አትንቀለው፤ በቦታው ይቆይ። በብዙዎቹ ሳጥኖች ማራገቢያው ከፓወር ሰፕላዩ ጋር አንድ ላይ ነው፤ ቀዳዳው ክፍት ሲቀር አየሩ በዲስኮቹ መካከል ማለፉን ትቶ በአቋራጭ ይወጣል። እኛ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ከቆላው ያነሰ ነው። መለዋወጫው ሲደርስ አሮጌውን ነቅለህ አዲሱን ወዲያው ትሰካለህ፣ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆንም አጠገቡ ትጠብቃለህ።