ለሚቆይ ዕቃ የሚበቃ ብድር
(በቁጠባና ብድር ማህበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

የቤት ዕቃና የመኪና ብድር መመሪያችን ማሻሻያ ላይ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በጋራዥ ሥራዬ ነው። 22 ዓመት መኪና ጠግኛለሁ። ዛሬ ግን ነገሬን የምጀምረው ከምጣድ ነው።

በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ ጎጆ ስንወጣ ከባለቤቴ ጋር የኤሌክትሪክ ምጣድ ልንገዛ መርካቶ ሄድን። አንዱ 1,400 ብር፣ ሌላው 2,600 ብር ተባልን። ኪሳችን ውስጥ የነበረው 2,000 ብር ነው። ርካሹን ይዘን ገባን። ለፋሲካ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ባለቤቴ ሦስተኛውን እንጀራ ስታሰፋ ምጣዱ ቀዘቀዘ። እንጀራው በአንድ ጎኑ ዓይን አውጥቶ በሌላው ጎን ሊጥ እንደሆነ ቀረ። ገልብጬ ስፈታው ሪዚስታንሱ ተበጥሷል፤ ሽቦው ከሚገባው በላይ ቀጭን ነበር። ቀጭን ሽቦ ያለ አቅሙ ሲግል እየሳሳ ይሄድና ይበጠሳል። ሶኬቱም ጠቁሮ ቀልጧል፤ እሱ እንኳ የእኔ ጥፋት ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር ይጎትታል፤ እኔ በተራ ዲቫይደር ሰክቼው ነበር። ባለቤቴ በበዓል ዋዜማ ሊጡን ተሸክማ ጎረቤት ሄደች።

በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሪዚስታንስ አስቀየርን። በመጨረሻ ሸክላው ራሱ ተሰነጠቀና ያንን ውድ የተባለውን ዓይነት ገዛን፤ ያኔ ደግሞ ዋጋው ጨምሮ ነበር። ይኸው ምጣድ ዛሬም ይጋግራል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ሪዚስታንስ የቀየርኩለት።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ያን ቀን መርካቶ ላይ የትኛው ምጣድ እንደሚሻል ጠፍቶን አልነበረም። የጎደለን 600 ብር ነበር። ስለዚህ ርካሽ ዕቃ የገዛ ሰው ሲወቀስ ስሰማ ያመኛል። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው የሚመርጥለት ኪሱ ነው። ያንን የ600 ብር ጉድለት ሊሞላ የሚችለው ዕቁብ ነው፣ እንደኛ ያለ ማህበርም ነው። እኛ ግን ዛሬ ለቤት ዕቃ የምናበድረው በ12 ወር የሚመለስ ትንሽ ገንዘብ ነው። ወርሃዊ ክፍያው ስለሚከብደው አባላችን ርካሹን እንዲገዛ የምንገፋው እኛው ነን።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። ሰው "ጠንካራ መኪና የትኛው ነው?" ብሎ ሲጠይቀኝ እኔ መልሼ "መለዋወጫው ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው ውስጥ፣ አለ ወይ?" እለዋለሁ። በእኛ አገር የመኪና ዕድሜ የሚለካው በዚህ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ዲኤክስ ፍሪሲዮኗ አልቆ ጠዋት ትገባልኛለች፣ ከሰዓት በኋላ ሥራዋ ላይ ናት። ዕቃው አለ፣ እጁ የለመደ መካኒክም በየሰፈሩ አለ። በዚያው ሰሞን አንድ ደንበኛዬ ተበድሮ የገዛትን፣ ሲያዩዋት አዲስ የምትመስል መኪና አመጣልኝ። የተበላሸው የካምቢዮው መቆጣጠሪያ ነው። ሶማሌ ተራ የለም፤ ከዱባይ ታዞ እስኪመጣ አራት ወር ፈጀ። መኪናዋ ግቢዬ ውስጥ አቧራ ለብሳ ቆማ ልጁ በየወሩ ብድሩን ይከፍል ነበር። በታክሲ እየሄደ። ሲገዛ ከዲኤክሷ ባለቤት የተሻለ የገዛ መስሎት ነበር፤ እኔ ጋ የመጣው ግን ከገዛ በኋላ ነው። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" የሚባለው ለዚህ ነው።

መለዋወጫ ላይም እንዲሁ ነው። የፊት እግር ኩሽኔት፣ ጎማው ሳይንገጫገጭ እንዲዞር የሚይዘው፣ ኦሪጅናሉ ውድ ነው፣ ኮፒው በግማሽ ዋጋ ይገኛል። ነገር ግን ኩሽኔት ለመቀየር ጎማው ይወልቃል፣ ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ ይፈታል፣ በፕሬስ ተገፍቶ ይወጣል። የእጅ ዋጋው ለሁለቱም እኩል ነው። ኮፒው በስድስት ወር ሲጮህ ያንን ሁሉ እንደገና ትከፍላላችሁ። እኔ ገቢ አገኛለሁ፤ እናንተ ግን ትከስራላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ዕቃ ደጋግሞ መቀየር ዱሮም ይጎዳ ነበር፤ አሁን ግን ቤት ያናጋል።

የኤሌክትሪክ መኪናውን ነገር ብዙዎቻችሁ እየጠየቃችሁኝ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ የሚገዛ ሰው ወደዚያው እየሄደ ነው። የሞተር ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፤ መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ በሞተሩ ስለሚይዝ የፍሬን ሸራውም ቶሎ አያልቅም። በደንብ ከተያዘ ወጪው ትንሽ ነው፤ ይህን በጋራዤ አይቻለሁ። ሲገዙት ግን ዋናው ገንዘብ ያለው ባትሪው ላይ ነው። ብዙ አምራቾች ለባትሪው የ8 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ መጠየቅ ያለበት ዋስትናው እዚህ አገር ማን ጋ ይከበራል የሚለው ነው። በግለሰብ አስመጪ በኩል የገባ መኪና ያ ወረቀት ላይኖረው ይችላል። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ከአዲስነቱ አቅም ስንት በመቶ እንደቀረው በኮምፒውተር ሳይነበብ ቀብድ አትስጡ። እባካችሁ።

ውድ ሁሉ ጠንካራ ነው እያልኩ አይደለም። ጠንካራው ሁሉ ለሁሉም ይሆናል ማለቴም አይደለም። በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ተከራይ የዋንዛ ቁም ሳጥን ቢገዛ በጫኝና አውራጅ ብቻ ያልቃል። ለእሱ ተፈታትቶ የሚገጠም ቀለል ያለ ዕቃ ይሻለዋል፤ ከእንጨት ፍቅፋቂ የተጣበቀው ችፑድ ግን ሁለት ጊዜ ከተፈታ ብሎኑን አይዝም፣ ይህንንም አውቆ ይግዛ። ፍሪጅ የሚገዛ አባል ደግሞ መብራቱ ሄድ መጣ በሚልበት ሰፈር ከሆነ የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክለውን የስታቢላይዘር ዋጋ ከፍሪጁ ዋጋ ጋር አብሮ ይደምር። ኮምፕረሰር ከተቃጠለ የፍሪጁ ማርክ አያድነውም።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። የቤት ዕቃ ብድር መመለሻው ለምጣድ፣ ለፍሪጅ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለስፌት መኪና 24 ወር ይሁን፤ ቅድመ ሁኔታው የሻጩ የዋስትና ወረቀት መቅረቡ ነው። ስታቢላይዘርና ገመድ በብድሩ ውስጥ ይካተቱ። የመኪና ብድር ከመለቀቁ በፊት መኪናው በመካኒክ ይታይ፤ ለአባላት ምርመራውን እኔ ያለ ክፍያ እሠራለሁ፣ የሙያ ጓደኞቼም ሁለቱ ተስማምተዋል። ከብድሩም ትንሽ ድርሻ ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና በአባሉ ቁጠባ ደብተር ይቀመጥ።

ኮሚቴው "ገንዘቡ 24 ወር ታስሮ ከቆየ ለሌላ ተበዳሪ ያጥራል" የሚል ስጋት እንዳለው ሰምቻለሁ፤ ስጋቱ ተገቢ ነው። ለዚህም ነው በመጀመሪያው ዓመት ከጠቅላላው ብድር በተወሰነ ድርሻ እንጀምር የምለው፤ ድርሻውን ጉባኤው ይወስን። ማመልከቻው ላይ አንድ መስመር እንዲጨመርም ጠይቄያለሁ፤ "ይህ ዕቃ ሲበላሽ የት ይጠገናል?" የሚል። ረቂቁን ለጸሐፊያችን ሰጥቻለሁ፣ ኮፒው በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፤ ከዚያ ወደ ድምፅ እንሂድ።

አመሰግናለሁ።