«ጠግቤያለሁ» አትበሉ
በሲያትል አዲስ ለገቡ ተማሪዎችና ለሚያስጠጓቸው ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ። በተለይ ደግሞ ከፊት የተቀመጣችሁ አዲስ ተማሪዎች፣ እንኳን ወደ ሲያትል በደህና መጣችሁ። አንዳንዶቻችሁ ከገባችሁ ገና ሳምንት አልሞላችሁም። አሁን እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ግን ሊነጋ ነው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ሰውነታችሁ ገና እዚያ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የተጠየቅኩት ስለ ሆምስቴይ እንድናገር ነው። ከማታውቁት ቤተሰብ ጋር፣ በየወሩ እየከፈላችሁ፣ አንድ ክፍል ይዛችሁ ስለመኖር። እኔ ሁለት ዓመት እንደዚያ ኖሬያለሁ። አሁን ደግሞ እኔው ቤቴ ተማሪ አስተናግዳለሁ። ከሁለቱም በኩል አይቼዋለሁ። ከመጀመሪያው ማታዬ ልጀምር።

የደረሰኝ ቤት በከተማው ሰሜን በኩል ነበር። ጡረታ የወጡ መምህርትና ባለቤታቸው ይኖሩበታል። እራት በእኛ አቆጣጠር ገና 12 ሰዓት ላይ ቀረበ። ሩዝ፣ በምድጃ የበሰለ ሳልመን፣ ሰላጣ። ትንሽ አነሳሁና በላሁ። «ልጨምርልሽ?» አሉኝ። «አይ፣ ጠግቤያለሁ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። እሺ አሉና ሳህኑን አነሱ። የተረፈውን በዕቃ አድርገው ፍሪጅ ውስጥ ከተቱት።

አልጠገብኩም ነበር። ከአንድ ቀን በላይ ተጉዤ ነው የመጣሁት። ግን እናቴ ያሳደገችኝ ሰው ቤት ሲጠይቁሽ መጀመሪያ እንቢ በይ ብላ ነው። እንደገና ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጠየቁኝም። «በሞቴ» የሚል አልነበረም። ክፍሌ ገብቼ ተኛሁ። ፍሪጁ ከክፍሌ አሥር እርምጃ አይርቅም፤ ግን የሰው ፍሪጅ እንዴት ይከፈታል?

እንደዚያ ሆኜ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ክፍል ውስጥ ራሴን ያዞረኝ ጀመር። ቂምም ያዝኩ። ሰው ቤታቸው አስገብተው እንዴት እንዲህ ይጨክናሉ እያልኩ ለእህቴ በስልክ አለቀስኩ። መምህርቷ በበኩላቸው ሌላ ነገር ያስቡ ነበር። ልጅቷ ምግቤን ጠላችው ብለው ተጨንቀዋል። አንድ ማታ ፊት ለፊት ተቀመጡና «የማበስለው አይጥምሽም?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። በእኛ አገር የመጀመሪያው «አይ» እንቢታ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ «እዚህ ቤት አይ ስትይ አምንሻለሁ። እውነትሽን ስለመሰለኝ ነው ያመንኩሽ።»

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እኔ ጭካኔ ያልኩት ለእሳቸው አክብሮት ነበር።

ልጆች፣ ይሉኝታችሁን ጣሉ ልላችሁ አልመጣሁም። ይሉኝታ ጥሩ አስተዳደግ ነው። ግን ይሉኝታ ለብቻው አይቆምም፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ እንቢ ሲል ሌላው «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ማለት አለበት። እንቢታውን የሚያውቅለት ሰው ከሌለ፣ ባለ ይሉኝታው ይራባል። ይበርደዋል። ይታመምና ዝም ይላል። እዚህ ከተማ ብዙ የእኛ ልጆች ሲጎዱ አይቻለሁ። አብዛኛው ጉዳት የመጣው ከክፉ ቤተሰብ አይደለም። ካልተነገረ ነገር ነው።

አሁን ሆምስቴይ ምን እንደሆነ በቀጥታ ልንገራችሁ። ዘመድ ቤት አይደለም። ሆቴልም አይደለም። አልጋ፣ የማጥኛ ጠረጴዛ፣ መብራትና ኢንተርኔት ያለው ክፍል ይሰጣችኋል። ኩሽናውና የልብስ ማጠቢያው የጋራ ነው። ምግብ እንደ ውላችሁ ነው። አንዳንዱ ቤት ቁርስና እራት ይሰጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ኩሽናውን ፈቅዶላችሁ ራሳችሁ አብስሉ ይላችኋል። ስለዚህ የማትከፍሉበት እንግድነት አይደለም። ወላጆቻችሁ ዶላር ተቸግረው አግኝተው ለዚህ እየከፈሉ ነው። ውሉ ላይ እራት ካለ፣ እራት መብላት ማስቸገር አይደለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1932 ዶናልድ ዋት የሚባል አሜሪካዊ «ኤክስፐርመንት ኢን ኢንተርናሽናል ሊቪንግ» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። የሰው አገር ሰዎችን ማወቅ የሚቻለው ቤታቸው ገብቶ አብሮ በመኖር ነው የሚል እምነት ነበረው። እኛም በሌላው በኩል ቆመን እናውቀዋለን። ሰላም ጓድ (ፒስ ኮር)፣ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ1962 አገራችን ገብቶ ብዙ መምህራን እንዳመጣ አያቶቻችሁ ያስታውሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ተመልሶ ሲመጣ፣ አዲሶቹ ወጣቶች በሥልጠናቸው ወቅት የሚኖሩት ቤተሰብ ውስጥ ነበር። አሰላ ውስጥ፣ ቡታጅራ ውስጥ የእኛ እናቶች የአሜሪካ ልጆችን አስቀምጠው አብልተዋል። እነዚያ ልጆች በቃኝ ሲሉ ስንት ጉርሻ እንደተጨመረባቸው መገመት አያቅተንም። እነሱ እዚያ «በቃኝ» ሲሉ የሚሰማቸው አጡ፤ እኛ እዚህ «በቃኝ» ስንል ወዲያው ተሰማን።

ስለ ጾም ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቤት የሚጋጨው እዚህ ላይ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አልበላም ስትሉ ይገባቸዋል፤ ቪጋን የሚለውን ቃል ያውቁታል። የማይገባቸው ሐሙስ ዶሮ መብላታችሁ ነው። ሃሳብሽን ቀየርሽ ወይ ይሏችኋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቁጭ ብላችሁ የጾሙን ቀናት በካላንደራቸው ላይ ምልክት አድርጉላቸው። አንድ ቀን በተለይ አስቡ። ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል፣ በኅዳር ወር አራተኛው ሐሙስ ላይ ይውላል፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር ማለቴ ነው። የገና ጾም ደግሞ የሚገባው በእኛ ኅዳር 15 ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይገናኛሉ። አስተናጋጃችሁ ከማለዳ ጀምረው ተርኪ የሚሉትን ትልቅ ወፍ ሲጠብሱ ውለው፣ ጠረጴዛው ላይ «ጾመኛ ነኝ» ብትሏቸው ይከፋቸዋል። ከሁለት ሳምንት በፊት ብትነግሯቸው ግን ስኳር ድንቹን ያለ ቅቤ ለብቻ ያወጡላችኋል። ሙስሊም የሆናችሁም እንዲሁ። ሐላል ሥጋ የት እንደሚገዛ እናንተው አሳዩ። በረመዳን ለሱሑር ሌሊት ኩሽና መግባት እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ አስፈቅዱ። ሌሊት ላይ ኮቴ ሰምተው ሌባ ነው ብለው እንዳይደነግጡ።

ቡናም አለ። ቡና መቁላት የሚያምራችሁ ቀን ይመጣል፤ ምናልባት መጀመሪያ ከዘነበው ቅዳሜ በኋላ። የአሜሪካ ቤት ጣሪያው ላይ የጭስ ደወል አለው። የዕጣንና የቡና ጭስ ከእሳት አይለይም፣ ይጮኻል። ውጭ በረንዳ ላይ ቁሉ፣ ወይም አስፈቅዳችሁ መስኮት ከፍታችሁ። ከዚያ ግን ጠጡ በሏቸው። እኔ ከአስተናጋጄ ጋር በእውነት የተቀራረብኩት ሦስተኛውን ሲኒ አብረን የጠጣን ቀን ነው። በእንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለ በስሜ ጥሪኝ ይሉኝ ነበር፤ ከአፌ አይወጣም ነበር። የዚያን ቀን በረካ ላይ ወጣልኝ።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። በዚህ ከተማ የምግብ ትራፊ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሕግ ነው። የትኛው በርሜል ለምን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ኦርካ የሚባለውን የትራንስፖርት ካርድ አውጡ። ዕድሜያችሁ 18 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አውቶቡሱም ላይት ሬል የሚባለው የከተማ ባቡርም በነፃ ነው። ሻወር ላይ ረጅም ሰዓት አትቆዩ። ማታ የምትቆዩ ከሆነ ቴክስት አድርጉ። የሚጠብቅ ሰው አለ።

ጨለማውን ግን አልዘለውም። በዲሴምበር እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው። ጠዋትም እስከ 2 ሰዓት ገደማ አትወጣም። የ13 ወር ፀጋ ከሚባል አገር ለመጣ ልጅ ይህ ቀላል አይደለም። ክፍላችሁን ዘግታችሁ ስልክ ላይ የአገር ቤት ቪዲዮ እያያችሁ መዋል ያምራችኋል። ያን ጊዜ ሳሎን ውጡ። ምንም አታውሩ፤ ቴሌቪዥን እያዩ ከሆነ አብራችሁ እዩ። ሆምስቴይ ከብቸኛ ስቱዲዮ የሚሻለው በዚህ ነው። አንድ ሰው ፊታችሁን ያያል። ሐዘኑ ከከበዳችሁ ደግሞ ለኮሌጁ አማካሪ ንገሩ። 988 የሚባለው የጭንቀት ጊዜ የስልክ መስመር ላይ ደውሎ ማነጋገርም ይቻላል፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

አሁን ደግሞ መናገር ግድ ስለሚሆንበት ነገር። ይህን ወላጅ ዘመዶችም ስሙልኝ።

ፓስፖርታችሁንና አይ-20 የተባለውን፣ ኮሌጁ ለተማሪ ቪዛ የሰጣችሁን ወረቀት ማንም «እኔ ላስቀምጥልሽ» ቢል አትስጡ። የክፍላችሁ በር ከውስጥ የማይዘጋ ከሆነ ጠይቁ። የማትፈልጉት ሰው ቢነካችሁ፣ ወይም ሳያንኳኳ እየገባ ቢያስቸግራችሁ፣ በዚያው ቀን ለኮሌጁ የሆምስቴይ ኃላፊ ተናገሩ። አደጋ ከሆነ 911 ነው። ቤት መቀየር መብት ነው፤ ሥነ ሥርዓቱና የማስጠንቀቂያ ቀኑ ውላችሁ ላይ ተጽፏል። አድራሻ ስትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ለኮሌጁ የኢንተርናሽናል ተማሪዎች ቢሮ ማሳወቅ አለባችሁ። ይህን ችላ ብለው ከባድ ችግር ውስጥ የገቡ ልጆች አሉ።

ሥራን በተመለከተ። በኤፍ-1 ቪዛ የመጣ ተማሪ በትምህርት ወቅት ኮሌጁ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል። ከግቢ ውጭ ያለ ፈቃድ አይችልም። አንዲት ልጅ አውቃለሁ። «ልጆቼን ብትጠብቂልኝ ኪራይ አላስከፍልሽም» ተባለች። እሷ ውለታ መሰላት። ጠዋት ልጆች ታደርሳለች፣ ከሰዓት ታመጣለች፣ ማታ ታጥባለች። ትምህርቷ ወደቀ፤ ከ12 ክሬዲት በታች ልትወርድ ደረሰች። የሙሉ ጊዜ ተማሪነቷን ልታጣ ነበር። በኪራይ የተከፈለ ሥራም ሥራ ነው። የበላችሁበትን ሳህን ማጠብ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን እጠቡ።

ያ ቤት የማን ቤት እንደነበር ልንገራችሁ። የዘመድ ቤት ነው። የእኛ ሰው ቤት።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ይህን የምለው በፍቅር ነው። ብዙዎቻችሁ የወንድም ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ ተቀብላችሁ አስተምራችኋል። እናንተ ባትኖሩ እኔም ዛሬ እዚህ ባልቆምኩ። ግን ዘመድ ስለሆነ ውል አያስፈልግም እንላለን። ልጁ የሚያጠናበት ሰዓት አይነገርም። ምን እንደሚከፍል አይነገርም። ምን እንደሚረዳ አይነገርም። እሱ ይሉኝታ ይዞት አይጠይቅም። እናንተ ይሉኝታ ይዟችሁ አትናገሩም። ከዓመት በኋላ ተቀያይማችሁ ትለያያላችሁ። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጻፉት። በአማርኛም ይሁን። ዝምድናን አይጎዳም።

እኔም ከሌላው ወገን አጥፍቻለሁ። ባለፈው ዓመት ከቬትናም የመጣ ልጅ ቤቴ ገባ። ትሑት ልጅ ነው። ሲጨርስ እጨምርለታለሁ። ዝም ብሎ ይበላል። ደስ ይለኛል። አንድ ሌሊት ሆዱን አሞት አደረ። ኋላ ስጠይቀው፣ ትልቅ ሰው የሰጠውን መመለስ ነውር ስለሆነበት እንደሆነ ነገረኝ። እኔ በእንጀራ ላይ እንጀራ ስጨምር እሱ ተጨንቆ ይጨርስ ነበር። በሦስት ሳምንቴ የተማርኩትን ለካ ለራሴ ቤት አላዋልኩትም። ከዚያ ወዲህ ሳህኑ ላይ ምንም አላደርግለትም። ምጣዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ የሚፈልገውን ያነሳል።

ተማሪዎች፣ ነገ ጠዋት የምትሉትን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ማታ ተለማመዱት። «አሁንም ርቦኛል፣ ልጨምር?» «ክፍሌ ይበርዳል፣ ሌላ ብርድ ልብስ አለ?» «ይህን አልበላም፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው።» በእንግሊዝኛ ጮክ ብላችሁ በሉት። መጀመሪያ አፍ ላይ ይከብዳል።

ከዚህ በኋላ ከኋላ ያሉት ሦስት ጠረጴዛዎች ላይ ቀደም ብለው የመጡ ተማሪዎች ይቀመጣሉ። የሆምስቴይ ውላችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ሂዱና አብራችሁ መስመር በመስመር አንብቡት። ያልያዛችሁ ስልካችሁ ውስጥ ኢሜይሉን ፈልጉ፣ እዚያ አለ። ምግቡም እዚያው ጎን ነው፤ የጾምና የፍስክ ተለይቶ ቀርቧል። ተነሱና የምትፈልጉትን ያህል አንሱ። ማንም መጥቶ አይለምናችሁም።

አመሰግናለሁ።